ድዱን የተነቀሰ ቄስ

እኔን ጥርስ ሊገድለኝ ነበር ብል ትስቁ ይሆናል። ሳቁ፤ ጥርስ ያለው ይስቃል። ለእኔ የቀሩልኝ ከኋላ ያሉት ጥቂቶች ናቸው፤ እነሱም ለሳቅ ብቅ አይሉም። ጣሊያን ጎንደር ሲገባ እዚሁ ነበርሁ፤ ሲወጣም እዚሁ ነበርሁ። ያ ሁሉ ቦንብ ሲወርድ አንዲት ፍንጣሪ ያልነካችኝ ሰው፣ አገር ሰላም ሆኖ፣ ንጉሡ ተመልሰው፣ ሰው ሁሉ የፈረሰ ቤቱን መጠገን ሲጀምር፣ በገዛ አፌ ውስጥ ባለች ነገር ልሞት! እስቲ ይኸ ፍርድ ነው?

እኔ ቄስ ነኝ። ደብራችን ከቀሐ ወንዝ ወደ ላይ ወጣ ብለው ካሉት አንዱ ነው፤ ስሙን አልጠራም፣ የምነግራችሁ ሰዎች አብዛኞቹ በሕይወት አሉና። በደብራችን ቀሳውስት የምናገለግለው በሰሞን ነው። ተራህ ሲደርስ ሳምንቱን ሙሉ ከሚስትህ ተለይተህ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ታድራለህ፤ እህል ውሃ ሳትቀምስ ትቀድሳለህ፤ ከዚያ ተራውን ለሚቀጥለው ታስረክባለህ። ለዚህ አገልግሎት ደብሩ መሬት ይሰጥሃል። የእኔ ወደ ደምቢያ፣ ከኮላ ድባ አጠገብ ነው፤ ሸጋ የጤፍ መሬት። ሰሞኑን የቆመ መሬቱን ይበላል፤ ያልቆመ ለቆመ ይለቃል። ከዚህ ሌላ መተዳደሪያ የለኝም፣ ከአባቴም የወረስሁት ድምፄን ብቻ ነው።

ሌላም ሕግ አለ፤ የእኔ ጣጣ የመጣው ከዚህ ነው። ደም የፈሰሰው ሰው ያን ቀን አይቀድስም፣ አይቆርብም። ቢላ የቆረጠው፣ ነስር የነሰረው፣ እሾህ የወጋው ሁሉ ዘወር ይላል። ሕጉ ደግ ሕግ ነው፣ አልተጣላሁትም። ብቻ አባቶቻችን ሲሠሩት እንደ እኔ ያለ ድድ አልነበራቸውም መሰለኝ።

አንድ ማለዳ፣ ሰሞኔ ነበር፣ ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ቆሜ በወይራ መፋቂያ ጥርሴን ስፍቅ ጫፉ ቀልቶ ወጣ። ተፋሁ፤ ደም ነው። መቼም ቄስ ነኝና አልደበቅሁም፣ አብሮኝ ለሚቀድሰው ለመምሬ ንጉሤ ነገርሁት። መምሬ ንጉሤ ከአንድ መምህር ዘንድ አብረን የተማርን፣ አብረን የተገረፍን፣ ግን አንጀቱ የማይገኝ ሰው ነው። “ዘወር በልልን እንግዲህ” አለኝና በእኔ ቦታ ሌላ ቄስ ከቤቱ አስጠራ።

እንግዲህ ቄስ ከቅዳሴ ዘወር ሲል ምእመናን ጥርሱን አያስቡም። ሰሞነኛው ሌሊቱን የት አደረ? ይኸን ነው የሚያስቡ። ቀኑ ሳይጋመስ ወሬው ከደብሩ ወርዶ ቀሐ ደርሷል። ባለቤቴ አልጣሽ ልብስ ልታጥብ ወደ ወንዙ ብትወርድ ሴቶቹ ጸጥ አሉ። ከዚያ አንዷ፣ “ለካስ ሰሞነኛም ቤቱን አይረሳም?” አለች፣ ለማንም እንዳልተናገረች ሆና። አልጣሽ ልብሱን እንደ ቆሸሸ ተሸክማ ተመለሰች።

“ምን አሉሽ?” አልኋት፣ ሰሞኔን ጨርሼ ቤት ስገባ።

“ሌሊት ሾልከው እኔ ዘንድ አድረዋል አሉኝ!”

“ጥርሱ ደምቶ ነው በያቸዋ!”

“ብያቸው ነበር። የባሰ ሳቁ።”

እኔም ተቀምጬ አሰብሁ። ጉዱ እሱ ነው፣ ማሰቤ። ጥርሴን ስፍቅ ይደማል፤ ካልፈቅሁ አይደማም። እንግዲያስ መፋቂያውን መተው ነው! ይኸን ያህል ቀላል ነገር እስካሁን እንዴት ጠፋኝ ብዬ ራሴን ወቀስሁ። ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። በጾሙ ውሃ አፌን የሚነካው ከቅዳሴ በኋላ ነው፤ ቅዳሴ የሚወጣው ደግሞ ፀሐይ ካዘቀዘቀች ነው። መፋቅ የለ፣ መጉመጥመጥ የለ። ደሙም እውነትም ጋብ አለልኝ።

የሽታውን ነገር እኔ ምን አውቃለሁ? የአፉ ባለቤት መቼ ያውቃል? ያወቅሁት ከሰዉ ነው። መስቀል ላሳልም እጄን ስዘረጋ ሰው ከሩቅ አንገቱን አስግጎ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ ተሳልሞ ይሸሻል። የንስሐ ልጆቼም ኃጢአት አነሰ። አንዲት ባልቴት ነበረች፣ ቀድሞ ግማሽ ቀን የምታስቀምጠኝ፤ የራሷን ስትጨርስ የጎረቤቶቿንም ኃጢአት የምትናዘዝ። በዚያ ጾም ግን ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ ጠቅልላ፣ “ሁሉንም አድርጌያለሁ አባ፣ ይፍቱኝ” አለችና ብድግ አለች። እኔ ሞኙ ደግሞ፣ የስብከቴ ፍሬ ነው፣ ሕዝቡ ከኃጢአት ራቀ ብዬ ደስ አለኝ። የራቀው ከእኔ ነበር።

ፋሲካ አልፎ ደሙ ተመለሰ፤ አሁንስ ያለ መፋቂያ። ዳቦ ስገምጥ ይደማል፣ ስናገር ይደማል፣ ዝም ብዬም ይደማል። ሁለተኛው ሰሞኔ ሲደርስ እንደገና ዘወር አልሁ። አለቃ አስጠሩኝ። የደብራችን አለቃ ሽማግሌ ናቸው፤ አንድም ጥርስ የላቸውም፣ ስለዚህ ይሆናል ለባለ ጥርስ የማያዝኑ።

“አንድ ጊዜ ይሁን” አሉኝ። “ሁለት ጊዜም ይሁን። በሦስተኛው ካልቆሙ ግን መምሬ፣ ሰሞኑንም መሬቱንም የሚቆም ሰው ይወስደዋል። ደብሩ የሚፈልግ ቀዳሽ ነው፣ ምክንያት አይደለም።”

እጃቸውን ስሜ ወጣሁ።

አልጣሽ የመካነ ብርሃን ልጅ ናት። እንደ አገሯ ሴት ሁሉ ድዷን ተነቅሳዋለች፤ ሲበዛ ጥቁር ነው፣ ስትስቅ ጥርሷ ቦግ ይላል። ያን ቀን አለቃ ያሉኝን ስነግራት፣ “የእኔ ድድ ሲደማ አይተው ያውቃሉ?” አለችኝ።

አሰብሁ። አይቼ አላውቅም።

“ከተነቀስሁ ወዲህ ደም የሚባል የለም። ንቅሳት ድድ ያጠነክራል።”

“እኔ ሴት ነኝ እንዴ?”

“ድድ ወንድና ሴት አለው እንዴ?”

ይኸን ጥያቄ ለመመለስ ስንት ዓመት ቅኔ ቤት መቀመጤ ምንም አልጠቀመኝም። ቅዳሜ ገበያ አጠገብ ያለችውን ነቃሽ አስጠራች። ሴትዮዋ የኩራዝ ጥላሸቷን በቅጠል ጭማቂ ለውሳ፣ እሾኾቿን አንድ ላይ አስራ መጣች። የሚነቀሰው ማን እንደሆነ ሲነገራት እግዜርን ፈርታ መሳቋን ብትተውም ትከሻዋ ግን አልተወም። “አባ፣ አንገትዎንም ልጨምርልዎ?” አለችኝ። አልጣሽ ራሴን ጭኗ ላይ አድርጋ ያዘችኝ። ሰማዕታትን መጥራት ጀምሬ ነበር፣ አፌ ስለተያዘ ሳልጨርሳቸው ቀረሁ።

ከንፈሬ አብጦ ሰነበተ። እብጠቱ ሲጎድል ድዴ ከአልጣሽ የበለጠ ጠቁሮ ተገኘ። ሰሞኔ ባይሆንም ለአንድ በዓል ማኅሌት ቆምሁ፤ አፌን ከፍቼ ሃሌ ሉያ ስል ፊት ለፊቴ ያሉት ዲያቆናት ጽናጽላቸው ያለ ጊዜው ይንሿሿ ጀመር። ሳቅ ነው። መምሬ ንጉሤ ጠጋ ብሎ፣ “ምነው መምሬ፣ ሊድሩህ ነው እንዴ?” አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ በደብሩ “ሙሽሪት” ሆኖ ቀረ። ግድ የለኝም አልሁ። ደሙ ቆሟል፤ መሬቴ ተርፋልኛለች፤ ማን ሞኝ እንደሆነ በሰሞኔ እንተያያለን ብዬ ዛትሁ።

ትኩሳቱ የመጣ ያኔ ነው። ቀኑ ሲያዘቀዝቅ ብርድ ብርድ ይለኝና ጋቢ በጋቢ ላይ እደርባለሁ፤ ከዚያ ላቡ ይመጣል። ሰውነቴ አለቀ። ከቀሐ ወደ ቤቴ ያለችውን ዳገት ስወጣ ልቤ ከደረቴ ወጥቶ ጆሮዬ ውስጥ ይመታል። ጎረቤቱ ሁሉ ሐኪም ሆነልኝ። አንዱ፣ ኮላ ድባ እህል ልታስጭን ስትወርድ ያመጣኸው ወባ ነው አለ፤ ኪኒን ዋጥሁ። ሌላው ምች ነው አለ፤ ዳማከሴ ታሸሁ። አንዷ አሮጊት ደግሞ፣ ድድዎ ማማሩን ያየ ሰው ዓይን ነው አለች፤ ጢስ ታጠንሁ። ሰው በቁንጅናው ይታመማል ሲባል እሰማ ነበር፣ በእኔ ይደርሳል ብዬ ግን አስቤ አላውቅም።

በመጨረሻ አልጣሽ በቅሎ ላይ አስቀምጣ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ሐኪሙ ፈረንጅ ነው። ቋንቋ የሚመልስለት ድሬሰር፣ ቁስል የሚያጥበው ማለት ነው፣ የደብር ልጅ፣ ቀድሞ ዲያቆን የነበረ ሰው ነው።

“ምንዎን ነው የሚያምዎ አባ?” አለኝ።

“ልቤን።”

ፈረንጁ በጎማ ቧንቧው ደረቴን ሲያዳምጥ ቆየ። እያዳመጠ ፊቱ ከበደ። ጥፍሮቼን አንድ በአንድ አየ፣ የዓይኔን ቆብ ገልብጦ አየ፣ ከዚያ አፍህን ክፈት አለኝ።

“ልቤን ነው ያልሁት!”

“ይክፈቱለት አባ።”

ከፈትሁለት። ፈረንጁ ወደ ኋላው ሸሸት አለ፤ ከሽታው ይሁን ከጥቁሩ አላውቅም። በቋንቋው አንድ ነገር ጠየቀ። “ይኸ ጥቁረት በሽታው ነው ወይ? ይላል” አለ ድሬሰሩ።

“ጌጥ ነው በለው” አለች አልጣሽ ከኋላዬ፣ ቆጣ ብላ።

ከዚያ ፈረንጁ፣ በልጅነትህ ጉሮሮህን እየታመምህ ጉልበትህ ያብጥ ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ደነገጥሁ። የቆሎ ተማሪ ሳለሁ ጉልበቴ አብጦ ስንት ጊዜ ተኝቻለሁ፤ ይኸን ማን ነገረው? እሱ ግን እንዳልደነቀው ሁሉ ራሱን ነቀነቀና ለድሬሰሩ ረዘም አድርጎ ነገረው። ድሬሰሩም እንዲህ አለኝ፦ “ያን ጊዜ ነው የልብዎ በር የተጎዳው። አሁን ደግሞ የጥርስዎ ቆሻሻ በድድዎ ቁስል ገብቶ፣ ሄዶ ሄዶ እዚያ የተጎዳው በር ላይ ተቀምጧል። በሩን እየበላው ነው።”

“ከአፍ ወደ ልብ ምን መንገድ አለ? ከአፍ የገባ ወደ ሆድ ነው የሚወርድ።”

“መንገዱ ደም ነው አባ።”

ደም! ወደ ውጭ እንዳይፈስ ስጠብቀው የኖርሁት ደም፣ ወደ ውስጥ ለካ ሌላ ሥራ ይዟል።

“ጥርስዎን አይፍቁም ወይ? ይላል።”

“እንዳይደማ ብዬ ተውሁት።”

ድሬሰሩ ይኸን ለፈረንጁ አልነገረውም። “አባ” አለኝ ቀስ ብሎ፣ “የሚደማውኮ ስላልፈቁ ነው። መጀመሪያም የደማው አልጠራ ብሎ ነው፤ ሲተዉት ባሰበት።”

 “እሾሁስ?” ብላ ጠየቀች አልጣሽ። ድሬሰሩ ጠይቆ መለሰላት። “እሾሁም መንገድ ከፍቶለታል፤ ግን ቀድሞም ተከፍቶ ነበር ይላል።” አልጣሽ የሰማችው የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣለችና ወደ ግድግዳው ዞረች።

አስተኙኝ። ፔኒሲሊን የሚሉትን መድኃኒት ቀን ከሌት በመርፌ ይወጉኝ ጀመር፤ የት እንደሚወጋ ታውቃላችሁ። በመስቀሌ ብዙ ሰው ያሳለምሁ ቄስ፣ ለአንዲት ነርስ ጀርባዬን ሰጥቼ ቀሚሴን ስሰበስብ ዋልሁ። ለምርመራ ብለው ደሜን ይቀዳሉ፤ እኔ በአንዲት ጠብታ ስንት ጣጣ ያየሁ ሰው፣ እነሱ በጠርሙስ ይወስዱታል። የፊት ጥርሶቼንም ነቀሏቸው፤ ያ ሁሉ የተለፋበት ጌጥ ምን ሊያስጌጥ እንደቀረ እግዜር ይወቅ። አልጣሽ ከአልጋዬ ግርጌ አልተለየችም። አንድም ቀን ስለ እሾሁ አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁባትም። ትኩሳቱ ተወኝ። ዳንሁ ብዬ ተነሣሁ።

ፈረንጁ ግን ዳንህ አላለኝም። የልቤ በር ሁለተኛ ደህና አድርጎ አይገጥምም አለ። በየማለዳው ቁርስ በልቼ አንዲት ኪኒን እንድውጥ፣ ጾም እንዳልጾም፣ ብዙ እንዳልቆም አዘዘ። “ከቅዳሴ በኋላ ልዋጠው” አልሁት። “በባዶ ሆድህ ቆመህ ከዋልህ፣ ከቅዳሴ በኋላ የሚውጥ ሰው አይገኝም” አለኝ። አልጣሽ አጠገቤ ቆማ ሰማች።

ሦስተኛው ሰሞኔ የደብራችን ንግሥ ሳምንት ላይ ዋለ። አለቃ ዘንድ ሄድሁ።

“ደሙስ?” አሉኝ።

“ቆሟል።”

“እንግዲያስ ይቁሙ። የንግሡን ሰሞን ከቆሙ የሚነካዎት የለም።”

ስለ ኪኒኑ አልጠየቁኝም፤ እኔም ያልተጠየቅሁትን ምን አስቀባጠረኝ? ግቢው ገብቼ ሰሞኔን ያዝሁ። እንዴት ደስ አለኝ! የፊት ጥርስ ባይኖረኝም ዜማው ከጉሮሮ ነው፤ ፊደሉ ትንሽ ይሾልካል እንጂ። አልጣሽ በየቀኑ ከቅዳሴ በኋላ ምሳዬንና ኪኒኑን ታመጣለች። መጀመሪያ ትንፋሼ ብቻ ነበር የሚያጥረኝ። ከዚያ እግሬ አበጠ። በንግሡ ዋዜማ ምሳዬን ስበላ አልጣሽ ጎንበስ ብላ ቁርጭምጭሚቴን በአውራ ጣቷ ጫን አደረገችው። ጣቷን ብታነሣ ጉድጓዱ እንዳለ ቀረ።

“ይኸ ምንድን ነው?”

“ስለቆምሁ ነው።”

“ጣቴ ገብቶ ቀረ እኮ!”

“ነገ ንግሡ ነው። ከነገ በኋላ እንደ ልቤ እተኛለሁ።”

 ሰሃኑን አነሣችና ሄደች። አልጣሽ ስትጮህ እንጂ ዝም ስትል ምን እንደምታደርግ አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ግቢው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። ደወሉ ተደውሏል፤ እኔ ዕቃ ቤቱ በር ላይ መቋሚያዬን ተደግፌ ልብሰ ተክህኖ እስክለብስ እጠብቃለሁ። አልደብቃችሁም፣ መቋሚያው ባይኖር እወድቅ ነበር። ሕዝቡ ለሁለት ሲከፈል አየሁ። አልጣሽ ናት። በወንዶቹ በኩል፣ መሃል ለመሃል፣ በአንድ እጇ ውሃ በዋንጫ፣ በሌላው ዳቦ ይዛ መጣች። መምሬ ንጉሤ፣ “ምነው እሜቴ፣ ቅዳሴ ሊገባ ነው እኮ” ቢላት አላየችውም። የነጠላዋን ጫፍ ፈታችና ኪኒኑን አወጣች።

“ይዋጡ መምሬ።”

“ሂጂ ከዚህ! አበድሽ?”

“አልሄድም።” ድምፅዋን ሰው ሁሉ ይሰማል። “ያን ጊዜ እኔ ነኝ ያስነቀስሁዎ። ጭኔ ላይ አድርጌ ይዤ ነው ያስወጋሁዎ። አሁን ደግሞ ቆሜ አላይም። መሬቱን ይውሰዱት! መሬቱ ቢሄድ መካነ ብርሃን አባቴ ቤት እንገባለን። አንቱ ቢሄዱ እኔ የት እገባለሁ?”

አስወጡልኝ እንዲሉ አለቃን አየኋቸው። አለቃ ፊቴን አያዩም፤ ወደ እግሬ ነው የሚያዩ፣ ያበጠውን። ብዙ ካዩ በኋላ ፊታቸውን ወደ ቤተ ክርስቲያኑ አዞሩ።  ምነው ቢቆጡልኝ! የሚቆጣ ሰው ባገኝ እልህ ይይዘኝ ነበር።

ዳቦውን ተቀበልሁ። ያ ሁሉ ሕዝብ እያየኝ፣ ቅዳሴ ሊገባ ሲል፣ በኋላ ጥርሶቼ አኝኬ ኪኒኑን በውሃ ዋጥሁ። “ቀዳሽ ጎደለብን፣ ሌላ ቄስ ጥሩ” ሲል መምሬ ንጉሤን ሰማሁት። የተጠራው ቄስ እየሮጠ መጣ፤ እየሮጠ! እኔ የለቀቅሁት ሰሞን ዛሬም የእሱ ነው፣ የኮላ ድባ ጤፍም እንዲሁ።

አልጣሽ ክንዴን ይዛኝ ወረድን። ከኋላችን ቅዳሴው ሲጀመር ይሰማል። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከቅዳሴ በፊት ከቤተ ክርስቲያን ወጣሁ። ቤት ስንደርስ፣ “እህል ላቅርብ?” አለችኝ፣ አንገቷን ደፍታ። “አቅርቢ” አልኋት። “ምን ቀረኝ? ጾሜን ፈትቻለሁ።” የንግሡ ድግስ ነው ያቀረበችው፤ ዶሮው ለስልሶ በስሏል፣ ለጥርሴ ብላ። ቅዳሴ ሳይወጣ፣ እልል ሲባል እየሰማሁ በላሁ። እህል በዕድሜዬ እንደዚያ ቀን ጣፍጦኝ አያውቅም፤ እስከ ዛሬ ራሴን ይቅር ያላልሁበትም ይኸ መጣፈጡ ነው።